በስልኩ የሚታየው ጥግ

እናቷ ወደ ሪያድ በሄደችበት ማለዳ ቤቱ እንዲህ ነበር።

በሩ ሥር አራት ጥንድ ጫማ፣ ጣታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ተሰልፈዋል። ከበሩ በስተግራ ሦስት ቢጫ ጀሪካኖች እስከ አንገታቸው ሞልተው፣ ክዳናቸው ጥብቅ ብሎ ቆመዋል። ውዱእ የሚደረግበት ኩስኩስት ከጎናቸው ተቀምጧል። ሳሎን ውስጥ ፍራሾቹ ግድግዳውን ይዘው ተነጥፈው ስድስት መከዳ ተደርድሮባቸዋል። መስገጃዎቹ በአራት ታጥፈው የቡፌው ጫፍ ላይ ተደራርበዋል። ጓዳ ውስጥ ያልታጠበ ብርጭቆ አንድም አልነበረም፤ የሰሃን ማድረቂያው ጨርቅ ተጨምቆ ከመስኮቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጫፉ ገና ይንጠባጠባል።

ሱሀይላ ይህን ሁሉ የምታስታውሰው፣ እናቷን የያዘው መኪና ከሄደ በኋላ ወደ ቤት ተመልሳ እያንዳንዱን ነገር ቆማ ስላየችው ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ታናሽ እህቷ ሰልዋ ገና አምስት ዓመቷ ስለነበር ጮክ ብላ አለቀሰች። አባቷ ተውፊቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱሀይላ ማልቀስ ስላቃታት ዕቃ ቆጠረች።

እናቷ ጣይባ ቤት ስታጸዳ የምትውል ሴት አልነበረችም። መጥረጊያ ይዛ ላብ ሲያጠምቃት ያያት ጎረቤት የለም። ልማዶቿ ትንንሾች ነበሩ። ከሳሎን ወደ ጓዳ ስታልፍ የጓዳ የሆነ አንድ ነገር ይዛ ታልፋለች፤ ስትመለስም የሳሎኑን ይዛ ትመለሳለች። ሻይ የጠጣችበትን ብርጭቆ ሙቀቱ ሳይለቀው ታለቀልቀዋለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ማክሰኞና ቅዳሜ ማለዳ፣ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር እሷ ቀድማ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ልጆቿን ብቻ ሳይሆን ባሏንም ከመናገር አትመለስም ነበር። «ሱሪህን እዚያ ጥለህ ወደ ጓዳ ባዶ እጅህን ታልፋለህ? እጅህን አሞሃል እንዴ?» ትለዋለች፤ ተውፊቅም እየሳቀ ተመልሶ ሱሪውን ያነሣል።

ከሄደች በኋላ መጀመሪያ የቀረው የውኃው ልማድ ነው። ተውፊቅ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ተሳፋሪ ሲገኝም እስከ ሐርቡ ድረስ ሚኒባስ ስለሚነዳ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ሱሀይላ አንድ ማክሰኞ እንቅልፍ ጥሏት ቧንቧው አፏጭቶ ዝም አለ። ጀሪካኖቹ ባዶ ሲሆኑ ሰሃኑ ሳይታጠብ አደረ። ደርቆ ያደረ ሰሃን ለማጠብ ሁለት እጥፍ ውኃ ስለፈጀ የቅዳሜው ውኃ እስከ ሰኞ አልደረሰም። ውኃ ሲያጥር ልብስ ማጠብ ቀረ። ያልታጠበው ልብስ ከታጠበው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተከመረ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት ማሽተት ግድ ሆነ።

ጣይባ የምትደውለው ጁምዓ ጁምዓ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ የምትሠራላት ማዳም ከነልጆቿ እናቷ ጋ የምትሄደው በዚያ ሰዓት ነው። እነሱም ስልኩን ቡፌው ላይ ካለው የስኳር ቆርቆሮ ጋር አስደግፈው በኢሞ ፊት ለፊት ያወሯታል። ከሄደች በሦስተኛው ወር አንድ ጁምዓ ወሬዋን አቋረጠች።

«ሱሄ፣ ከኋላሽ የተከመረው ምንድን ነው?»

«ልብስ ነው፣ እማ።»

«የታጠበ ነው ያልታጠበ?»

ሱሀይላ ዞራ ክምሩን አየች። ጣይባም «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» አለች። በማግስቱ ግን ለተውፊቅ የላከችው የድምፅ መልእክት ስድስት ደቂቃ ነበር፤ ከስድስቱ ደቂቃ አብዛኛው ለቅሶ ነው። ተውፊቅ ሁለቱን ልጆቹን አጠገቡ አስቀመጠ።

«እናታችሁ ያለችው በሰው አገር ነው። ሐሳብ ላይ አትጣሏት። ስትደውል ደህና ነን በሏት፣ በቃ።»

በሚቀጥለው ጁምዓ ሱሀይላ የልብሱን ክምር አንሥታ ስልኩ ወደማያየው ወደ ቡፌው ጎን ወሰደችው። የተጀመረው እንዲህ ነው፤ በአንድ ክምር ልብስ።

አሁን ሃያ አንድ ወር ሆኗል። ስልኩ የሚያየው ጥግ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወደ ውስጥ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አንድ ፍራሽ፣ አራት መከዳ፣ የመስኮቱ መጋረጃና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ከዕባ የተሣለበት ምንጣፍ አለው። ሱሀይላ ጁምዓ ጁምዓ ከትምህርት ቤት መልስ ያንን ጥግ ታራግፋለች፣ ትጠርጋለች፣ መከዳዎቹን ታስተካክላለች። ሥራው ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ጥጉ የት ላይ እንደሚያበቃ ሰልዋ እንድታውቅ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋለች። የቀረው ቤት ከፕላስተሩ ወዲህ ነው፦ ወንበሩ ከነልብሱ፣ የሽንኩርት ልጣጩ፣ አንድ እግራቸው የጠፋ ጫማዎች፣ በየቦታው የተቀመጡ ብርጭቆዎች፣ የሰልዋ ደብተሮች፣ ከስንት ቀን ጀምሮ እንደተዘፈዘፈ የተረሳ ድስት።

በዚያ ጁምዓም ጣይባ በሰዓቷ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው ከጀርባዋ ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈበት ግድግዳ አለ፤ ሻሿን አገጯ ሥር አጥብቃ አስራለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም የኔ ሰዎች! ሰልዬ፣ እስቲ ተነሺ ልይሽ። ማሻአላህ! እስቲ ወደ ጎን ሂጂ፣ ቁመትሽን ከመስኮቱ ጋር ላስተያየው።»

ሰልዋ አረንጓዴ የጁምዓ ቀሚሷን እንደለበሰች ሁለት እርምጃ ሄደችና ፕላስተሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ትንሽ እለፊ እንጂ።»

«አይቻልም» አለች ሰልዋ።

«ለምን አይቻልም?»

«እግሯን ትንሽ አሟት ነው» አለች ሱሀይላ ፈጠን ብላ።

ሰልዋ ወደ እህቷ ዞራ አየችና በአንድ እግሯ ማነከስ ጀመረች። ይህን ማንም አላስተማራትም።

ጣይባ ስለ እግሩ ጠየቀች፣ ቅባት ቀቢያት አለች፣ ስለ ትምህርት ጠየቀች። ከዚያም ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ቤቴን እንደተውኩት ሆኖ ሳየው ልቤ ያርፋል፣ ሱሄ። የሰው ቤት ሳጸዳ ውዬ የራሴ ቤት ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ነበር የማልቀው። ወላሂ፣ አንቺ ባትኖሪ ይኼኔ ጥዬው መጥቼ ነበር። እና ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ ብላኛለች። ኮምቦልቻ የምናሠራው ቤታችን ግድግዳው ቆሟል፣ የቀረው ጣሪያው ነው። የነገ ሳምንት ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች። መርሐባ፣ እሺ ልላት ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሱሀይላ በስልኩ ጀርባ በኩል ያለውን ወንበር አየችው። ከክምሩ ጫፍ የአባቷ ሸሚዝ እጅጌ ተንጠልጥሏል።

«እንዳልሽው፣ እማ።»

«አብሽሪ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት! እልም ትላለች።»

ጥሪው እንዳበቃ ሱሀይላ ሒሳቡን ሠራችው። ከሁለት ዓመት በኋላ እሷ አሥራ ስድስት ይሞላታል። ሰልዋ ዘጠኝ ታልፋለች፤ ከዚያ ዕድሜዋ ውስጥ እናቷ ቤት የነበረችበት አምስቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን አታስታውሰውም።

አመሻሽ ላይ ተውፊቅ ገባ። ጫማውን እንዳወለቀው አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ወደቀ። ሱሀይላ ሰሃን ፈልጋ ስላጣች ራቱን በድስት ክዳን አቀረበችለት። እሱም ተቀብሏት መብላት ጀመረ።

«አባ፣ እማ ሁለት ዓመት ልትጨምር ነው።»

«ነግራኛለች።»

«እንንገራት።»

«ምኑን?»

«ቤቱን።» በእጇ ዙሪያውን አሳየችው። «እንደሚመስላት እንዳልሆነ።»

ተውፊቅ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ምን ብለን ነው የምንነግራት? ሰሃን አልታጠበም ብለን? ሰው ለሰሃን ብሎ ከሳዑዲ ይመለሳል? ጣሪያው ይኼው አንድ እርምጃ ቀርቶታል።» ወደ ልብሱ ክምር አየና ዓይኑን መለሰ። «እኔም አያለሁ ልጄ። አለማየቴ አይደለም። ከመሪ ላይ ስወርድ ጉልበቴ ከድቶኝ ነው።»

ሱሀይላ ነገሩ የሰሃን እንዳልሆነ ታውቃለች። የምን እንደሆነ ግን ልትነግረው ቃል አላገኘችም።

ያገኘችው ሌላ መንገድ ነው። ቤቱ በእውነት በስልኩ እንደሚታየው ከሆነ ውሸት የለም ማለት ነው። እናቷ ኮንትራቱን ብትፈርም እንኳ በእውነተኛ ነገር ላይ ትፈርማለች። ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነሥታ ሦስቱንም ጀሪካኖች ሞላች። ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት አጠበች፣ ፈተገች፣ አጠፈች። ወለሉን በበረኪና ስትወለውል ዓይኗ አነባ። ሲያልቅ ቤቱ ያን ማለዳ የነበረውን መሰለ። ሰልዋ እጆቿን ዘርግታ መሃል ላይ ተሽከረከረች።

ከዚያ ደግሞ ሱሀይላ የሚሆነውን በደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ መዘገበች። ቅዳሜ ማታ፦ አባቷ ሁለት ብርጭቆና አንድ ካልሲ፣ ሰልዋ የእርሳስ ቅራፊና ሦስት ደብተር። እሑድ፦ ስድስት ሰሃን፣ የተደፋ ሻይ። ሰኞ ሒሳብ ማጠናከሪያ ስለነበራት አምሽታ ስትመለስ መቁጠሩን ተወችው። አምስት ሰዓት የፈጀው ሥራ የቆየው ሁለት ቀን ነው። እናቷ ግን አንድ ቀንም አምስት ሰዓት አጽድታ አታውቅም። ሱሀይላ ያን ጊዜ የገባት ነገር ቢኖር የእናቷ ልማድ የአንድ ሰው ሥራ እንዳልነበረ ነው። ጣይባ ሰዉን ሁሉ እየጠራች፣ እየቀለደች፣ እየመለሰች ታነሣሣ ነበር። ሱሀይላ አባቷን «እጅህን አሞሃል እንዴ?» ልትለው አትችልም።

ማክሰኞ ዕረፍት ሰዓት ላይ ጓደኛዋ ሀኒ እጇን ይዛ አሸተተች።

«አንቺ! እጅሽ በረኪና በረኪና ይላል። ሆስፒታል ተቀጠርሽ እንዴ?»

«ቤት አጽድቼ ነው።»

«ለማን? ሽማግሌ ሊመጣልሽ ነው?»

ሱሀይላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠባት። ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ የስኳር ቆርቆሮውን፣ ፕላስተሩን፣ የሰልዋን ማነከስ። ሀኒ የምትበላውን ቆሎ ትታ አዳመጠቻት።

«ፎቶ ሲለጥፉ ጀርባውን እንደሚቆርጡት ማለት ነው» አለች ሀኒ።

«አዎ። እኔ ግን በየሳምንቱ።»

«እና እናትሽ አንድ ቀን እንኳ ጮኻብሽ አታውቅም?»

«በምን ትጮህብኛለች? የምታየው ንጹሕ ነው።»

«የኔዋ መሬት ላይ ካልሲ ካየች ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚሰማው። ‹ሀኒይዬ፣ ይኼ ካልሲ እግር አውጥቶ ይሂድ ወይ?› ትላለች። ያናድደኛል።» ሀኒ ቆሎውን በመዳፏ አንከባለለችው። «አንቺ ደግሞ የሚያናድድሽ እንኳ የለሽም። ይቅርታ፣ ሙድ ልይዝብሽ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ሱሀይላ።

ረቡዕ ከሰዓት ሱሀይላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰልዋ የእህቷን መግባት አልሰማችም። ፍራሹ ላይ ተንበርክካ ትጫወት ነበር። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ሞልታ የሠራቻትን አሻንጉሊት መከዳ ላይ አስደግፋታለች። ፊት ለፊቷ የክብሪት ቀፎ አቁማለች፤ ስልክ ነው። አሻንጉሊቷ ዙሪያ ያለውን ሁሉ፣ እርሳሱን፣ ላጲሱን፣ ወረቀቱን፣ እየለቀመች ከክብሪት ቀፎው ጀርባ ትከምራለች። ከምራ ስትጨርስ ድምፅዋን አቀጠነች።

«ደህና ነኝ እማ። ሁሉም ደህና ነው። እግሬን ትንሽ አሞኝ ነው።»

ከዚያ ወደ ክብሪት ቀፎው ዞራ በወፍራም ድምፅ ለራሷ መለሰች።

«ማሻአላህ። በቃ አልመጣም።»

ሱሀይላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። ሰልዋ ዞር ስትል አየቻትና ፈገግ አለች፤ ያጠፋችው ነገር ያለ አልመሰላትም።

«ሰልዬ፣ ለምንድን ነው ‹አልመጣም› የምትላት?»

«ደህና ስለሆነች ነዋ» አለች ሰልዋ። «ደህና የሆነ ሰው ጋ ለምን ትመጣለች?»

ሱሀይላ ጓዳ ገብታ ኩስኩስቱን አንሥታ ፊቷን ታጠበች። ደጋግማ ታጠበች።

ጁምዓ ከመስጊድ መልስ ተውፊቅ ቤት ነበር። የሚኒባሱ ጎማ እስኪጠገን ሥራ ስላልነበረው ቁርጡን አብሮ ለመስማት ቆየ፤ ከፕላስተሩ ወዲህ፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሱሀይላ ጥጉን አላጸዳችም። አባቷ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ መከዳዎቹን አየ።

«ለአሥር አምስት ጉዳይ ነው» አላት።

«አውቃለሁ፣ አባ።»

ስልኩ ጮኸ። ነጩ ሴራሚክ ታየ፣ ከዚያም የጣይባ ፊት። ሰላምታው እንዳለቀ ጣይባ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች።

«እንግዲህ ኢንሻአላህ ነገ ጠዋት ለማዳም ልነግራት ነው። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል።»

«እማ፣ ከመንገርሽ በፊት አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ሱሀይላ ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ላይ አነሣችው። ተውፊቅ ግማሽ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ መለሰው፤ ተቀመጠ።

ስልኩን አዞረችው። ከወንበሩ ጀመረች። ቀጥላ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ በሩ ሥር የተበታተኑትን ጫማዎች አሳየች። ጓዳ ገባች። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ከስልኩ ምንም ድምፅ አይመጣም። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ልታይ ስትል የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ቀስ በይ። ወደ ግራ መልሽው። ያ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ድስት ነው።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«አላውቅም። ከጁምዓ በፊት ነው።»

«ጀሪካኖቹስ?»

«አንዱ ነው ውኃ ያለው።»

ጣይባ ሳቀች፤ አጭርና እንግዳ የሆነ ሳቅ ነው፣ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሱሀይላ ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስለ ልብሱ ከጠየቅሽኝ ጊዜ ጀምሮ። ጥጉን ብቻ ነበር የማጸዳው። እየሞከርኩ ነው፣ እማ። ቅዳሜ አምስት ሰዓት አጸዳሁት። ሁለት ቀን ነው የቆየው። ላንቺ ግን ‹ደህና ነው› ስንልሽ ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ። ሰልዋ አይቻልም ያለችሽ እግሯን አሟት አይደለም። መስመሩን እንዳታልፍ ነግሬያት ነው።»

ጣይባ የሻሿን ጫፍ ለመሳብ እጇን አነሣች፤ ወዲያው መልሳ ከስልኩ በታች ደበቀችው። ሱሀይላ አየችው። በሃያ አንድ ወር ውስጥ የእናቷን እጅ ያየችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ አንድም አልመጣላትም።

«እማ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

ጣይባ ወደ በሩ አየች፣ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠች። ከዚያ እሷም ስልኳን አነሣችው።

ነጩ ግድግዳ ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከማሽኖቹ ቀጥሎ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ፣ ከደረጃው ሥር በካርቶኖች መካከል የተዘረጋ ቀጭን ፍራሽ። መስኮት የለም። የፍራሹ ራስጌ ሰልዋ አምስት ዓመቷ ላይ የተነሣችው ፎቶ ተለጥፏል። በመጨረሻ ጣይባ እጆቿን ወደ መብራቱ አቀረበቻቸው። ቆዳው ከጣቶቿ መካከል ተልጦ ቀልቷል፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ግማሹ የለም።

«በረኪናው ነው» አለች። «ጓንት አለ፤ ጓንት ግን ያንሸራትታል፣ ብርጭቆ ይሰበራል ትላለች ማዳም። እዚህ ግድግዳ ጋ የምቀመጠው የኔም ጥግ እሱ ስለሆነ ነው።»

በርጩማው ተንቋቋ። ተውፊቅ ተነሥቶ ከሱሀይላ ጀርባ ቆሞ ነበር።

«ጣይባ» አለ።

«አንተም አለህ? ና ወደ ብርሃን።»

ተውፊቅ ፕላስተሩን ተሻግሮ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጆቿን አየ፤ ብዙ ጊዜ አየ።

«እጅሽን ሳላውቀው?» አለ። «አጃኢብ። እኔ እኮ ልጆቹን ዝም በሉ ያልኩት…» አልጨረሰውም።

«አውቃለሁ። እኔም ዝም ያልኩት ለዚያ ነው።»

«ጣሪያው ይቅር።»

«ይቺን ቃል ሁለተኛ እንዳትናገራት፣ አልቅሼ አልጨርስም» አለች ጣይባ፤ እያለቀሰች ነበር። «ያን ግድግዳ ዝናብ ይበላዋል። የሃያ አንድ ወር ድካሜን ነው ዝናብ የሚበላው።»

ሱሀይላ የእናቷን ፊት እያየች፣ ያሳየችው ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍላት አሁን ገና ገባት። ስልኩን መልሳ ቆርቆሮው ላይ ልታስደግፈው ትችል ነበር። አላስደገፈችውም። ሰልዋን ጠርታ ሰጠቻት።

«ሰልዬ፣ ለእማ ደብተሮችሽን አሳያት። ያሉበት ቦታ ድረስ ሂጂ።»

ሰልዋ ወለሉን አየች፣ እህቷን አየች።

«መስመሩንስ?»

«እለፊው።»

ሰልዋ ስልኩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አለፈችው።

ጣይባ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጣሪያው ይቆይ ብላ ኮንትራቱን እንደማትጨምር ለማዳም ነገረቻት። በዚያ ቀን ከኮንትራቱ የቀረው ሰማንያ ስድስት ቀን ነበር። ማዳም ምትክ እስካገኝ ብላ ፓስፖርቷን ስላቆየችባት ደሴ የገባችው በመቶ አራተኛው ቀን ነው።